ጨብጦ የሚመርጠው ኖርማን

የወረቀት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ የስታርክ ሆሎው ሰዎች የሚያወሩት ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ስለ በረዶና ስለ ምርጫ። በረዶው በየዓመቱ ይመጣል። ምርጫው የሚመጣው በየአራት ዓመቱ ቢሆንም፣ ሲመጣ ደጅ ድረስ ነው። መንደሯ ያለችባት የአሜሪካ ግዛት ኒው ሃምፕሸር የፓርቲ ዕጩዎችን ከሌላው ግዛት ቀድማ ስለምትመርጥ፣ ፕሬዚዳንት ልሁን ያለ ሁሉ በጥር ብርድ ስምንት መቶ ሰው ወደማይሞላባት ወደዚህች የተራራ መንደር ይወጣል። የሰዉን ስም ይጠይቃል፤ ውሻውን ያሻሻል፤ ቁርስ ቤት ገብቶ ፓንኬክ ይበላል።

በዚያች መንደር ከዕጩዎቹ እኩል ዝነኛ የነበረው ኖርማን ፔልኪ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፋብሪካው የሠራ፣ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ዝናው የመጣው ከእጁ ነው።

«ሰው በአፉ ይዋሻል፤ በዓይኑም ይዋሻል። እጁ ግን አይዋሽም» ይላል ኖርማን። ዕጩ ሲመጣ ይጨብጠዋል፤ ትንሽ ያዝ አድርጎ ያቆየዋል። እጁ ጠንካራና ሞቅ ያለ ከሆነ «ይሄ ሰው ነው» ብሎ ወደ ቡናው ይመለሳል። በቃ። በዚህ ዓይነት የመረጣቸው ሦስት ሰዎች በተከታታይ ግዛቱን አሸንፈዋል። ከዚያ ወዲህ ጋዜጠኞች እየመጡ ፎቶ ያነሱታል፤ በዳርሊን ቁርስ ቤት የሚሰበሰበው ሰው ደግሞ «ኖርም፣ ዘንድሮ የማን እጅ ነው?» እያለ ቃሉን ይጠብቃል። ብዙዎቹ ለማን ድምፅ እንደሚሰጡ ራሳቸውን ጠይቀው አያውቁም። ለምን ይድከሙ? ኖርም አለላቸው።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጁ ኮሊን ወደ ቤቱ ገባች። ኮሊን የአምቡላንስ ሠራተኛ ናት። ጃኬቷን ስታወልቅ እጅጌዋ ላይ የደረቀ ደም አየ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«የእኔ አይደለም አባዬ። የታሚ ነው።»

ታሚ ከጎኑ ሁለተኛው ቤት ያለችው፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ወጣት ናት። ምጧ የመጣው ሳይነጋ ነበር። በመንደሩ ሥር ያለው ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉን ከዘጋ አራት ዓመት ስለሆነው፣ ኮሊን ታሚን አምቡላንስ ውስጥ አስተኝታ በበረዶ ውስጥ ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚወስደውን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ጀመረች። ግማሽ ሳይደርሱ ልጁ ተወለደ። ደሙ ግን አልቆም አለ።

«ልጁ ደህና ነው። እሷም ትተርፋለች ብለዋል» አለች ኮሊን። «ግን እየጠራችኝ ነበር አባዬ። ‹ደረስን ወይ? ደረስን ወይ?› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ‹ደርሰናል› እያልኩ እዋሻታለሁ።»

ኖርማን ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ያንን ማዋለጃ የዘጋው ሰው አንድ ቀን ይጠየቅበታል!»

ኮሊን ቀና ብላ አየችው። «ማን እንደዘጋው የምር ማወቅ ትፈልጋለህ?»

ተነስታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። እዚያ፣ በቦውሊንግ ጨዋታ አሸንፎ ካገኘው ዋንጫ አጠገብ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ሎውል ብራንት ዕጩ ሆኖ ሲመጣ የሰጠው ቀጭን መጽሐፍ ቆሟል። ሽፋኑ ላይ «ለወዳጄ ለኖርም» ተብሎ ተፈርሞበታል። ብራንት ኖርማን ከጨበጣቸው እጆች ሁሉ የበለጠ እጅ የነበረው ሰው ነው። መንደሩ ሁሉ መረጠው፤ ፕሬዚዳንትም ሆነ።

ኮሊን ገጽ አሥራ አንድን ገልጣ ሰጠችው። ኖርማን መነጽሩን አደረገና አነበበ። ጥቂት ሕመምተኛ ብቻ ያላቸው የገጠር ሆስፒታሎች ሲያገኙት የነበረው የመንግሥት ድጎማ እኔ ስመረጥ ይቋረጣል ይላል። የእነሱ ማዋለጃም የሚሠራው በዚያ ድጎማ ነበር። የተደበቀ ነገር የለውም፤ በግልጽ ተጽፏል። ደግሞ አነበበው።

«ይሄን… ይሄን ማንም አልነገረንም» አለ።

«ነግሮሃል እንጂ! መጽሐፉን እጅህ ላይ አስቀመጠልህ፤ አንተ ግን እጁን ነበር የምታየው።»

«እጁ ጥሩ ነበር፣ ኮሊን።»

«ጥሩ ነበር። ድጎማው ይቁም ሲባል የፈረመውስ በየትኛው እጁ መሰለህ?»

ኖርማንን ከሁሉ ያሳፈረው ስምንት ዓመት ሙሉ የመጽሐፉን አቧራ እየጠረገ አንድም ቀን አለመግለጡ ነበር።

በማግስቱ ወደ ዳርሊን ቁርስ ቤት አልሄደም። በዚያ ማዋለጃ ሠላሳ ዓመት ወደሠራችው ወደ ሎሬይን ቤት ሄደ። ሎሬይን ድመቷን ከወንበሩ ላይ አንስታ አስቀመጠችው።

«አንድ ማዋለጃ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ምን ያስፈልገዋል?» አላት።

«ስልሳ ሰባት ዓመት ሞልቶህ ልትወልድ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን እንዳልሳቀ ስታይ ተቀመጠች። ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃ ነገረችው። በሳምንት አንዲት እናት ብትመጣም ባትመጣም፣ ሐኪሙና ነርሶቹ በየቀኑ በሥራቸው መገኘት አለባቸው። እዚህ ተራራ ላይ ለመኖር የሚመጣ ነርስ ደግሞ ከየት ይገኛል? ኖርማን ሰማ፣ ጠየቀ፣ ደግሞ ጠየቀ። ሁለት ሰዓት እንዴት እንዳለፈ አላወቀም። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አንድ ነገር እስከ ሥሩ የማወቅ ጉጉት ያዘው።

በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት ዕጩዎች መጡ። ሦስቱንም ሄዶ አገኛቸው፤ ሦስቱንም አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው።

አገረ ገዥው ራስል ቴኒ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተናገረ። እጁ እንደ ጥሩ መዶሻ እጀታ መዳፍ ይሞላል። ኖርማን ስለ ማዋለጃው ሲጠይቀው፣ ገዥው እናቱ በእንጨት ጎጆ ውስጥ እንዴት እንደተወለደች አወራ። አዳራሹ እንባ እንባ አለው።

«ክቡር ገዥ፣ እናትዎን እግዜር ይባርካቸው» አለ ኖርማን፣ «ግን የጠየቅኩት ስለ ታሚ ነው።» ማይክሮፎኑን የያዘችው ልጅ ቶሎ ብላ ወሰደችበት።

የምክር ቤት አባሉ ዴል ኦስትራንደር ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ በየመንደሩ ማዋለጃ እከፍታለሁ አለ።

«ነርሶቹን ከየት ያመጧቸዋል?» አለው ኖርማን።

«እንደ እርስዎ ካሉ ጠንካራ አሜሪካውያን!»

ሰው አጨበጨበ። ኖርማን ራሱን አዋላጅ ሆኖ በዓይነ ሕሊናው አየና ሳቁ መጣበት።

ሦስተኛዋ ሴናተር ማርጎ ኪንስለር ነበረች። እጇ ቀዝቃዛ፣ እንደ ራሰ ጨርቅ ልፍስፍስ ያለ ነው። ንግግሯም ያስፋሽካል። ጥያቄውን ስትሰማ ግን ወረቀቷን አስቀመጠችና፣ ከሌላ ማዋለጃ በጣም ለራቁ ሆስፒታሎች ድጎማው እንዲመለስ፣ በገጠር አምስት ዓመት የሚያገለግሉ ነርሶችም የትምህርት ዕዳቸው እንዲሰረዝላቸው ሕግ እንዳቀረበች ነገረችው።

«ጥሩ። ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?»

«ከነዳጅ ግብር። የቤት ማሞቂያዎን ጭምር ያስወድድብዎታል» አለች። አዳራሹ አጉረመረመ። ኖርማንም በልቡ አጉረመረመ።

ቤቱ ገብቶ ስለ እሷ ያገኘውን ሁሉ አነበበ። በአደን ጠመንጃ ጉዳይ የምትለው ጨርሶ አልጣመውም። ስለ ጡረታ የተናገረችውም ግማሹ ብቻ ነው የገባው።

«ሙሉ በሙሉ የምስማማበት አንድም ሰው የለም» ብሎ ለኮሊን አማረረ።

«ልታገባት አይደለም እኮ አባዬ። የቱ ይከብዳል፣ የቱ ይቀላል ብለህ ትመዝናለህ እንጂ።»

በምርጫው ዋዜማ ጠዋት ዳርሊን ቁርስ ቤት ገባ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። የድሮ የፋብሪካ ጓደኛው ስታን ገና በሩ ላይ ሲያየው ጮኸ።

«መጣ! በል ተናገር፣ የማን እጅ ነው?»

ኖርማን ኮፍያውን አወለቀ። «አልነግራችሁም።»

«ምን ማለት ነው? ይሄን ያህል ስታስጠብቀን ከርመህ?»

«ከስምንት ዓመት በፊት ብራንትን ምረጡ አልኳችሁ። ማዋለጃችንን እንደሚያዘጋ በጻፈው መጽሐፍ ላይ ነበር። እኔ አላነበብኩትም፤ እናንተም በእኔ ተማምናችሁ አላነበባችሁም። ታሚ መንገድ ላይ ልትሞትብን ነበር። ከዚህ በኋላ በእኔ ጭንቅላት የሚመርጥ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።»

ዳርሊን የቡና ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«ሁሉም ያው ናቸው እኮ ኖርም» አለ ስታን፣ ለስለስ ብሎ። «የፈለግነውን ብንጠይቅ ምን ይቀየራል?»

«ያው አይደሉም። እኔም ያው ይመስሉኝ ነበር። ሦስቱን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፤ አንዱ ተረት አወራኝ፣ አንዱ ሕልም ሸጠልኝ፣ አንዷ ደግሞ የማልወደውን እውነት ነገረችኝ። አንተ የሚያሳስብህ ሌላ ከሆነ የራስህን ጠይቅ።»

ስታን ጥቂት አሰበና፣ «ስለ ጫካው እንጨት ቆረጣ ሥራ ምን እንዳሉ የሚያውቅ አለ?» አለ። አንዱ አውቃለሁ አለ፤ ሌላው ውሸትህን ነው አለው። ዳርሊን ከገንዘብ መሰብሰቢያው ሥር የተከመሩትን የዕጩዎች ወረቀቶች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው። ያን ቀን በዚያ ቤት ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማያውቅ ክርክር ሆነ፤ እንቁላሉ ሁሉ ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ኖርማን ከድምፅ መስጫው መጋረጃ ጀርባ ብዙ ቆየ። መዝጋቢዋ «ኖርም፣ ደህና ነህ?» እስክትለው ድረስ። «እያሰብኩ ነው» አላት። ከዚያ ምልክቱን አደረገ።

የመንደሩ ድምፅ ሲቆጠር ለመጀመሪያ ጊዜ በአምስት ዕጩዎች ተከፋፈለ። ግዛቱን ያሸነፈው አገረ ገዥ ቴኒ ነው። ጋዜጠኛ መጥቶ «ዘንድሮ ተሸነፉ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«አዎ» አለ ኖርማን። «ግን ለማን ድምፅ እንደሰጠሁና ለምን እንደሰጠሁ ሳውቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል። ሳይጠይቁ መምረጥም እንደዚያው ነው። መሪን የሚመርጥ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ጠይቆና መዝኖ የተሳሳተ ግን ስህተቱ የት ላይ እንደሆነ ያውቀዋል፤ በሚቀጥለውም ያርመዋል። ድምፁን ለሌላ ሰው ሐሳብ ያበደረ ሰው ግን መከራው ደጁ ሲደርስ እንኳ ማን እንደጠራው አያውቅም። ኖርማን ይህን የተማረው ዘግይቶ ነው። ታሚ ልጇን ታቅፋ ከሆስፒታል የተመለሰች ዕለት ቤቷ ሄዶ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም ምን አድርጎ እንደሆነ ግራ ገብቷት፣ «ቁጭ በልና አስረዳኝ» አለችው።