የየኔታ ገብረ ኪዳን ዲስክ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እኔም በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ኅዳር 2008፣ ሞጣ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ኮምፒውተር መጠገኛ ሱቄ ውስጥ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጨለማ ነበር እንዳትሉኝ።

ወይንእሸት የምትባል ሴት ከቢቸና አንድ ዲስክ ይዛ መጣች። የቅኔ መምህር የነበሩት የሟች አባቷ፣ የየኔታ ገብረ ኪዳን ድምፅ ነው ያለበት። ተደብቃ የቀዳቻቸው አርባ አንድ ቅኔዎች...

«ሌላ ቅጂ የለኝም» አለች። «ነገ አርባቸው ነው። ድምፃቸው ከጠፋ ሁለተኛ ቀበርኋቸው ማለት ነው።»

«ለምን ተደብቀሽ?»

«ቅኔ አንዴ ተዘርፎ ያልፋል፣ አይያዝም ይሉ ነበር። ሰው ሲቀዳ ካዩ ይቆጣሉ።»

እኔ የምሠራው ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። እዚያ ዲስክ ስለሰካችሁ ብቻ አይከፈትም፤ በትእዛዝ ማውንት ታደርጉታላችሁ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ጋር ታያይዙታላችሁ፣ ስትጨርሱም በትእዛዝ ታላቅቁታላችሁ።

ሁለት ጊዜ እምቢ አለኝ።

በሦስተኛው ለማንበብ ብቻ ከፈትሁት። እንዲህ ሲሆን ዲስኩ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ መጻፍ አይቻልም።

አርባ አንዱም ፋይል አለ። መጀመሪያ መገልበጥ ነበረብኝ። ግን ዓይኗን ሳይ ሆዴ ባባና አንዱን አጫወትሁላት።

የሽማግሌ ሳል... ከዚያ ቅኔው።

አለቀሰች።

ልገልብጥ ስል ኮምፒውተሩ «ስህተት» አለኝ። አላቅቄ እንደገና ልክፈተው ብዬ ትእዛዙን ጻፍሁ። «ዲስኩ ሥራ ላይ ነው፣ የሚጠቀምበት አለ» አለኝ።

የተከፈተውን ሁሉ ዘጋሁ።

አሁንም... የሚጠቀምበት አለ።

«ማን ይዞት ነው?» አልሁ ለራሴ።

ዝርዝሩን ቆጠርሁ። አርባ ሁለት።

አዲሱ ፋይል የተፈጠረው ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መጻፍ በማይቻልበት ዲስክ ላይ...

«ክፈተው» አለች ቀስ ብላ።

ከፈትሁት።

«ሌላ ቅጂ የለኝም...» የራሷ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የእኔ። «ማን ይዞት ነው?»

ሱቄ ውስጥ ድምፅ መቅጃ የለም።

ከዚያ ሳል። ቅርብ... በሁለታችን መካከል የቆመ ሰው ሳል።

ፈራሁ። ዲስኩን አንስቼ ገመዱን ነቀልሁት።

ዝርዝሩ ግን ከስክሪኑ አልጠፋም። አርባ አንዱ ፋይል ሁሉ ባዶ፣ ዜሮ። አርባ ሁለተኛው ብቻ መጠኑ እየጨመረ ነበር።

ወይንእሸት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አባባ...» አለች። «አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቁጥሩ ቆመ።

እጄ ላይ ያለው ዲስክም፣ ያለ ገመድ ሲሽከረከር የቆየው፣ ቀስ እያለ... ዝም አለ።