«ሞቷል» የተባለው ማይክሮዌቭ

«በገዛ እጁ ‹ሞቷል› ብሎ ጽፎበት በገዛ እጁ ነካው። እኔ ምን ላድርግ?» አለ አሠሪው።

«ባሌ ሳያጣራ አይጽፍም፣ ጋሼ» አለች የሟች ሚስት፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

መርማሪው በመሀላቸው ቆሞ ወለሉ ላይ የተከፈተውን ማይክሮዌቭ ያያል። አስከሬኑ ተነስቷል። አሮጌ የኤሌክትሪክ ዕቃ በሚፈታበት በዚህ ግቢ፣ ማይክሮዌቭ ከሶኬት ተነቅሎም ሆዱ ኤሌክትሪክ ይዞ እንደሚቆይ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሟቹ ገመዱን ይቆርጣል፣ የያዘውን ኤሌክትሪክ ያስወግዳል፣ ከዚያ በጠመኔ «ሞቷል» ይጽፍበታል። ይህንንም ጽፎበት ውሃ ሊጠጣ ወጣ፤ ተመልሶ እጁን ሲሰድ ገደለው። ጥፋቱ የራሱ ከሆነ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ የግቢውን ቤት ትለቃለች።

ከዚህ ሌላ አሠሪው ያወራው ስለ አዲሱ የመንግሥት ደንብ ብቻ ነበር፦ የተጣለ ዕቃ ይፈታል እንጂ ተጠግኖ አይሸጥም፤ ይህ ከተጣሰ ግቢው ይዘጋል። የሚስትየዋ ወንድም ቀድሞ ጠጋኝ ስለነበር «ዶክተሩ» ይሉታል። ደንቡ ወጥቶ አፍራሽ ሲሆን ደግሞ «ዶክተሩ ሬሳ ቤት ተመደበ» ብለው ሳቁበት።

«ለዚያ ለማይረባ ዕቃ ብሎ ይሙት!» አለ ዶክተሩ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «ይጮሃል እንጂ አያሞቅም።»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ የገመዱን ጫፍ አየ። ከዚያ ሦስቱንም ማይክሮዌቩ አጠገብ ሰበሰባቸው።

«ሟቹ ገመዱን ቆርጧል። ጫፉን ልጦ መዳቡን የጠመዘዘው ግን ሌላ ሰው ነው። ለሚፈታ ዕቃ ይህ ምን ያደርጋል? ሶኬት ውስጥ ለመክተት ነው። ሶኬት ከገባ ደግሞ እንደገና ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ጽሑፉ ግን እንዳለ ነው።» ወደ ዶክተሩ ዞረ። «ገመዱ የተቆረጠ ዕቃ እንደሚጮህ በምን አወቅህ?»

ዶክተሩ ግድግዳውን ተደገፈ። «የሚሠራ ዕቃ ሲፈርስ ማየት አልሆንልህ አለኝ። ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ ልሞክረው ብዬ ነው። አልሠራም፤ ነቅዬ ቦታው መለስኩት። ጽሑፉ ትዝ አላለኝም፣ እቴቴ።»

እህቱ አላየችውም። መርማሪውን «ጥፋቱ የባሌ አይደለም ማለት ነው?» አለችው።

«አይደለም።»

«ቤቱስ?»

መርማሪው ወደ አሠሪው ዞረ። አሠሪው ደንቡ በግቢው ውስጥ መጣሱን፣ ነገ በሩ እንደሚታሸግ፣ በታሸገ ግቢ ውስጥ ማንም እንደማይኖር ነገረው። ዶክተሩ ጥፋቱን እኔ ብቻ ልውሰድ ሲል፣ አሠሪው ጥሰት ያው ጥሰት ነው ሲለው ክርክሩ እንደገና ጦፈ። ሴትየዋ ከግድግዳው ሚስማር ላይ የባሏን ጃኬት አውርዳ አጠፈችው፤ በተዝረከረኩት ቴሌቪዥኖች መሀል አልፋም ከግቢው ወጣች።