እስከ እሑድ ብቻ

«እስከ እሑድ ብቻ እደሪ» ብላ ነው ናሬል ያስቀረቻት። የትኛው እሑድ እንደሆነ ግን አልተነጋገሩም።

ኬሪን ጓዟን በጀርባዋ አዝላ፣ የአውስትራሊያን ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ተከትላ ወደ ሰሜን ስትወጣ ነበር። አንዳንዱን በእግሯ፣ አንዳንዱን በአውቶቡስ፣ አንዳንዱን የሰው መኪና ለምና። ሐሳቧ አገሩ የሚያልቅበት ጫፍ፣ ኬፕ ዮርክ ላይ ቆማ ከፊቷ ባሕር ብቻ ማየት ነው። ለምን ብሎ ጥያቄ የለም። ሰው ለሚያደርገው ሁሉ ምክንያት አምጣ ቢባል ግማሹ ከቤቱ አይወጣም።

ናሬል አብሮ አደጓ ናት። ብርድ በሚበዛበት በደቡቡ የባሕር ዳር ከተማ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። የኬሪን እናት የሞተች ጊዜ የናሬል ወላጆች ልጅቷን ወስደው ከልጃቸው ጋር በአንድ ክፍል አሳድገዋታል። ናሬል ግሬምን አግብታ ወደ ሰሜን መጣች፤ ሙሌት በምትባል መንደር ካራቫን የሚባለውን ተጎታች ቤት በመኪና እየጎተቱ ለሚመጡ እንግዶች ማረፊያ ከፍተው ይኖራሉ።

ኬሪን ቅዳሜ ደረሰች። እሑድ ጠዋት ግሬም ጣራ ሊያበጅ ወጥቶ ከመሰላል ወደቀና ዳሌው ተሰበረ።

«እግዜር ነው የላከሽ!» አለች ናሬል አንገቷን አቅፋ።

ምን ትበል? መጸዳጃ ቤቱን አጠበች፣ መንታዎቹን አጫወተች፣ የእንግዳ አንሶላ አሰጣች። ግሬም ከሆስፒታል ሲመለስ የትምህርት ቤት ዕረፍት መጣና ማረፊያው ሞላ። እንግዳው ሲቀል ናሬል ሦስተኛ ልጅ አረገዘች፤ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳት ጀመር።

«እንዲህ ሆኜ ትተሽኝ ትሄጃለሽ?»

«አልሄድም አልኩ እኮ።»

«እንደሱ አይደለም የምትዪው! ከልብሽ በዪው!»

ሻንጣዋን «መተላለፊያ ዘጋ» ብላ ናሬል ራሷ ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰደችው፤ የገና ጌጥ የታጨቀበት ሣጥን ተጫነበት።

ገመድ ያሰረው ሰው ቢላ ይፈልጋል። ይሉኝታ ያሰረው ግን ቢላውን ቢሰጡትም አይቆርጥም፤ አሳሪው ደግ ነዋ። ኬሪን የምትተኛው በእንጨት ምሰሶ ላይ ከተሠራው ቤት ሥር፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነው። ማሽኑ ሲሽከረከር አልጋዋም አብሮ ይንቀጠቀጣል። በመስኮቱ ባሕሩ ይታያል፣ ሰማያዊ፣ እጅ ቢዘረጉ የሚደረስበት ይመስላል። ግን በሙቀቱ ወራት ጄሊፊሽ የሚባል መርዘኛ የባሕር ፍጡር ስለሚመጣ ማንም አይገባበትም። ከኋላ ያለው ወንዝ ደግሞ አዞ አለበት። ከፊትም ከኋላም በውሃ ተከባ፣ በጎማ ቱቦ እየተረጨች ትቀዘቅዛለች።

ከዚያ ቤት የምትወጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነበር። ከወንዙ ማዶ አንዲት አሮጊት የጓሮዋን ፍራፍሬ መንገድ ዳር ትሸጣለች፤ ለእንግዶቹ ቁርስ ከዚያ ነው የሚመጣው። ወንዙ ድልድይ የለውም። ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ የብረት ገመድ እየተሳበች መኪና የምታሻግር ጠፍጣፋ ጀልባ ናት ያለችው። ነጂዋ ኢዋን ይባላል። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆረው ሰው ነው፤ ዓይኑ ግን ከአፉ ይልቅ ይናገራል።

የመጀመሪያ ቀን ኬሪን ወደ ጀልባዋ ስትወርድ ኢዋን ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ አደረገላት። ያችን ጣት ይዛ ሳምንቱን ሙሉ ከረመች። አንሶላ ስታሰጣ ጣቷን ታነሣና ብቻዋን ትስቃለች።

«ኬፕ ዮርክ ነው የምሄደው» አለችው በሁለተኛው ሐሙስ፣ ሳይጠይቃት።

ቅርጫቷን አየ። «በቅርጫት?»

«ዛሬ ፓፓያ ልገዛ ነው። ዋናው ጉዞዬን ማለቴ ነው።»

«እኔም ዋናው ጉዞ ላይ ነኝ። የነዳሁት ቢደመር ጨረቃን አልፌያለሁ። ግን ይኸው እዚሁ ወንዝ ላይ ነኝ።»

ሳቀች። በዚያው ቅጽበት ከኋላ የቆሻሻ መኪናው ገባ፤ ኢዋንም ለሹፌሩ ጣቱን ብድግ አደረገ። ለፖስታ መኪናው ደገመ። በሬ ለጫነውም።

ኬሪን ፊቷ ቀላ። «ለሁሉም ነው እንዴ የምታነሣው?»

«ምኑን?»

«ጣትህን ነዋ!»

ግራ ገባው፤ ከዚያ ገባውና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የት አገር ነው ያደግሽው? እዚህ እኮ መንገድ ላይ ጣቱን ያላነሣ ሰው እንደተጣላ ይቆጠራል! ምን መስሎሽ ነበር?»

«ምንም አልመሰለኝም። ንዳ!»

ነዳ። መሐል ወንዝ ሲደርሱ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ፣ «ጣቴን ለሁሉም አነሣለሁ» አለ። «ሐሙስን የምጠብቀው ግን ለሁሉም አይደለም።»

ኬሪን ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ሲያለብሳት አልገለጠችውም፤ ፈገግታዋን ይደብቅላት ብላ ነው። ማዶ ሲደርሱ እሷ ለመውረድ፣ እሱም መወጣጫውን ለማውረድ አልቸኮሉም። የቆሻሻ መኪናው ጥሩምባ ነፋባቸው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ወራት ሄደ። መንደር ምን ይደብቃል? ናሬል ጆሮ ደረሰ።

መጀመሪያ ተሳለቀች። «ጀልባ ነጂው? ቀኑን ሙሉ ሄዶ የትም የማይደርስ ሰው አገኘሽ?» ቆይታ ግን ዓይኗ በራ። ኬሪን ያን የዓይን ብርሃን ስታይ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ደነገጠች።

ቅዳሜ ናሬል ጥብስ አዘጋጅታ ኢዋንን ጠራችው። በዚያ አገር ተጋባዥ የሚበላውንና የሚጠጣውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ኢዋንም ባልዲ ሙሉ ሸርጣን ይዞ መጣ። ሸሚዙ ታጥፎ ከርሞ የወጣ እንደሆነ መሥመሩ ይመሰክራል። ኬሪን ከመሥመሩ ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

ናሬል የመጀመሪያውን ሥጋ ከእሳቱ አንሥታ ሰሐኑ ላይ ጣለችለት። «ብላ እንጂ አማቻችን!»

ግሬም «ኧረ ናሬል!» አለ።

«ምን አልኩ? ከወደዳት ይውሰዳት። ሥራው እዚሁ፣ እሷ እዚሁ። ታች ያለውን ክፍል እናሰፋላቸዋለን፤ ማሽኑን ወደ ጓሮ እናወጣዋለን። አየሽ ኬሪን? ከዚህ ወዲያ የትም አትሄጂም!»

ኢዋን ፈገግ አለ። ጆሮው ድረስ ቀላና ፈገግ አለ።

ኬሪን ሰሐኗን አስቀመጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከዚያ ቤት የሚያወጣት በር የመሰላት ሐሙስ ነበር። አሁን ናሬል መጥታ በሩ ላይ ቁልፍ አንጠለጠለችበት፤ ሰውየውም ቁልፉን አይቶ ፈገግ አለ። ሁለቱ ተማክረውብኛል አለች በልቧ። ሸርጣኑን ሳትቀምስ ወደ ክፍሏ ወረደች።

በሚቀጥለው ሐሙስ ፍራፍሬ ሊገዛ ግሬም በመኪና ሄደ። በሌላውም ሐሙስ። ኢዋን በግሬም በኩል ሰላም ላከ፤ መልስ አልተላከለትም። እሷ ማታ ማታ ትራሷን ትነክሳለች፣ ቀን አንሶላ ታሰጣለች። የምትወደው ሰው ዘንድ ብትሄድ ትታሠራለች፤ ባትሄድም ያው እንደታሠረች ናት። ከዚህ የባሰ እስር ቤት ማን ሠርቶ ያውቃል?

ከገና በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። አንድ ጠዋት ሬዲዮው ከባድ ዝናብ ከባሕር እየመጣ ነው፣ ጀልባዋም ከቀትር በፊት ትታሰራለች፣ ወንዙ እስኪጎድል አትነሣም አለ። የዝናቡ ወራት ሊገባ ነው። ሲወጣ ደግሞ የናሬል ልጅ ይወለዳል። ከዚያ ጥርስ ያወጣል። ከዚያ ይድሃል።

ኬሪን አንሶላውን ገመዱ ላይ ትታ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደች። ሻንጣዋ ላይ የተጫነውን ሣጥን ልታነሣ ስትታገል ከኋላዋ ሁለት እጆች መጡና አነሡላት። ግሬም ነው። ያለ ምርኩዝ ቆሟል።

«ከቆምኩ ቆየሁ እኮ» አለ ዝቅ ብሎ። «እሷ ናት ማየት ያልፈለገችው። እኔም አልተናገርኩም፤ ጥፋት አለብኝ። ሂጂ።»

ወንዙ ዳር ስትደርስ ውሃው ደፍርሶ ግንድ እየነዳ ይወርዳል። ጀልባዋ ባዶ ናት። ኢዋን ዝናብ ልብሱን ለብሶ መወጣጫው አጠገብ ቆሟል። ሻንጣዋን አየ። ሁሉም ነገር ገባው።

ያኔ የናሬል መኪና ጭቃውን እየረጨ ደረሰ። ወረደች። ጃንጥላዋን ነፋስ ገለበጠባት፤ ወረወረችው።

«ደህና ሁኚ እንኳ ሳትዪ?»

«ብልሽ ኖሮ አልሄድም ነበር።»

«ይኸው ነው ዋጋዬ! እናቴ ካልጋዬ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችሽ፣ ወንድሞቼ እህታችን አሉሽ፣ ይኸው ነው?»

«እናትሽ አልጋ ሰጠችኝ ናሬል። አልሸጠችልኝም።»

ናሬል ወደ ኢዋን ዞረች። «አንተስ? እንደ ግንድ ቆመህ ታያለህ? ቅሪ በላት እንጂ! አንተ ካልካት ትቀራለች!»

እውነቷን ነው። ኬሪን ቅሪ ቢላት ትቀር ነበር፤ ዕድሜ ልኳን ትቀር ነበር። ዝናብ እየወረደባት አየችው። እሱም አያት። ያን አስተያየት እስክትሞት አትረሳውም፤ የሚለምን ዓይን ነው፣ አፉን ግን ገጥሞታል።

«እኔ የምነግራት ስለ ወንዙ ነው» አለ። «ይቺ የመጨረሻዋ ናት። መወጣጫውን ላነሣ ነው።»

ናሬል ያኔ አለቀሰች። እንደ ሕፃን፣ ፊቷን ሳትሸፍን። «ብቻዬን እኮ ነኝ እዚህ። ካንቺ በቀር በልጅነት ስሜ የሚጠራኝ አንድ ሰው የለም።»

ኬሪን ተመልሳ እርጉዟን ጓደኛዋን ከነሆዷ አቀፈቻት። «ኔሊ። የኔ ኔሊ። ያን በመጀመሪያው ቀን ብትዪኝ ኖሮ ወድጄ እቆይልሽ ነበር። ታስሬ ግን መውደድ አቃተኝ።»

ለቀቀቻትና ጀልባዋ ላይ ወጣች።

ገመዱ እያቃሰተ ሳባቸው። ከወንዙ መሐል አለፉ።

«ያን ቅዳሜ» አለ ኢዋን በመጨረሻ፣ «አማቻችን ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት። ሰው ደስ ሲለው አያስብም። አንቺ ፊት ላይ ያየሁትን ግን አስቤ ጨርሻለሁ።»

«ቅሪ አትለኝም?»

«ቅሪ ያሉሽ በዝተዋል። እኔ አልጨመርባቸውም።»

ወረደች። እሱ ጀልባዋን ከጎርፉ መከለያ ወዳለበት ወደ ደቡቡ ዳር መመለስ ነበረበት። እጇን ያዘ፤ የዝናቡ ውሃ በጣቶቻቸው መሐል ፈሰሰ። ከዚያ ለቀቃት። የዚያን ዕለት የገረማት ይህ ነው፦ ሰው እጇን ይዞ፣ ሊለቃት ሳይወድ፣ ለቀቃት።

ፍራፍሬ ሻጯ አሮጊት በረንዳዋ ላይ አልጋ ዘረጋችላት። ወንዙ ሞልቶ ሁለቱን ዳር አራራቀ። ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ግን ከፍታ ላይ ስለሆነ አልተዘጋም ነበር።

«ነገ የሰሜን መኪና አለ» ትላለች አሮጊቷ።

«ነገማ አልደርስም» ትላለች ኬሪን።

ሲመሽባት ዝናቡ ባባራበት ሰዓት ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ማዶ፣ ከታሰረችው ጀልባ አጠገብ፣ አንድ ረጅም ሰው ይቀመጣል። ውሃው ስለሚጮህ ቢጣሩም ድምፃቸው አይሰማም። እሱ ሻይ ሲጠጣ ታየዋለች። እሷ ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን ስታራግፍ ያያታል። ጨለማ ሲውጣቸው ሁለቱም ተነሥተው ይገባሉ። በዚህ ሁኔታ ሰው ይዋደዳል ወይ ቢሉ፣ ይዋደዳል፤ እንዲያውም ለመዋሸት አይመችም።

አንድ ማታ እዚያው እንደተቀመጠች መንገዱን ዞር ብላ አየችው። ክፍት ነው። ሻንጣዋ ተሸክፏል። ቅሪ ያላት የለም። ማንም አልያዛትም። ደረቷ ውስጥ እዚያ ቤት ሥር ካደረችበት ቀን ጀምሮ ተቋጥሮ የኖረ ነገር ላላ፤ እንደገና ወደ ወንዙ ዞራ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ወድዳ ተቀመጠች።

ውሃው የጎደለ ጠዋት የጀልባዋ ሞተር ሲነሣ ሰምታ በባዶ እግሯ ወረደች። መሪው ላይ ያለው ግን ሌላ ሰው ነው። መወጣጫው ወረደ፤ አንድ እግረኛ ብቻ ከጀልባዋ ወጣ። ኢዋን ነው። በጀርባው ቤት የሚያህል ሻንጣ አዝሏል፤ ማንገቻው ተጣሞ አንድ ትከሻው ወደ መሬት ወርዷል።

«ፈቃድ ወስጃለሁ» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ከፈቀድሽ ወደ ሰሜን አብሬሽ እሄዳለሁ። ካልፈቀድሽም ጀልባዋ ገና አልተመለሰችም።»

ኬሪን ቀረብ ብላ ማንገቻውን አላቀቀችና የወገቡን ማሰሪያ ፈልጋ አገኘች። «ክብደቱ እኮ ወገብህ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ትከሻህ ላይ አይደለም። ዕድሜህን ሙሉ ስትሄድ ኖረህ ይህን አታውቅም?» እጇ ደረቱ ላይ ደርሶ ቆመ። ልቡ እንደዚያ እንደ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ይመታል። «ምን ጭነህ ነው እንዲህ የሚከብደው?»

«እኔ እንጃ። ናሬል ናት የሸከፈችልኝ።»

ኬሪን ከፈተችው። በጣሳ ሙሉ የዘቢብ ኬክ። ሁለተኛ ጣሳ ኬክ። የታጠፉ አንሶላዎች። ከሁሉም በላይ፣ በትንሽ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ የልጅነት መኝታቸው መስኮት ላይ ይቀመጥ የነበረ ቀንድ አውጣ ቅርፊት።

እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ እንባ ሄደ፣ ተመለሰም። ኢዋን አጠገቧ ተቀመጠ። አንሶላውን ለአሮጊቷ ሰጡ፤ አንደኛውን ኬክ እጃቸው ላይ እየቆረሱ ከአሮጊቷና ከአዲሱ ጀልባ ነጂ ጋር ጨረሱት። ከዚያ ተነሥተው ሻንጣቸውን አዘሉና ወደ ሰሜን መንገድ ጀመሩ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ እርምጃውን ከእሷ ጋር ለማስተካከል እየሞከረ።