በጨው ሜዳው ላይ የወጣው ዱካ

የበደለኝ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሙላቱ ነው፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አሰብ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ለቀስተኛ በሞላበት ድንኳን ፊት። ስሙን የምደብቅለት ምክንያት የለኝም። እኔ ጥላ፣ ዛር፣ መንፈስ ሲባል ፊቴን አዙሬ የምሄድ ሴት ነኝ፣ ጎረቤቶቼ እንዲህ ያለ ነገር ሲያወሩ «ሥራ ፈቶች» እላቸው ነበር፣ ዛሬም እላቸዋለሁ። ያየሁትን ግን አይቻለሁ፣ አላየሁም ብል የሚመቸው ለሙላቱ ነው።

ባለቤቴ ጌታነህ ከወደቡ ጭኖ ወደ መሃል አገር የሚነዳ ሾፌር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የጨው ሐይቅ አለ፣ ሐይቅ ልበለው እንጂ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም፣ ነጭ ሜዳ ነው፣ ሾፌሮች ድንጋያማውን መንገድ ለማምለጥ በላዩ ያቋርጣሉ። ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ ጎርፉ በደረቁ ወንዝ ወርዶ እዚያ ይተኛል፣ መውጫ ስለሌለው ፀሐይ እስክትጨርሰው ይቆያል። አፋሮቹ ተራራውን አይተው ነው የሚያቋርጡት፣ የእኛ ሾፌሮች ግን የአሰብን ሰማይ ያያሉ። የአሰብ ሰማይ ደግሞ መቼ ደመና ያውቃል?

የዚያን ዕለት ረዳቱ በወባ ተኝቶ ነበር። ሙላቱም ሾፌር ነው፣ ከመንገድ ገና መግባቱ ነበር፣ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «ጋሼ፣ በሐይቁ ቁረጥ፣ እንደ አስፋልት ደርቋል፣ በዚያኛው ከሄድክማ እስክትደርስ ልጅ ትድራለህ» አለው። ጌታነህ እየሳቀ ብቻውን ሄደ። በጠራ ሰማይ ጎርፉ ወረደ። እሱም መኪናውም አልተገኙም።

ድንኳን ተተከለ። ሙላቱ መጣና በሰው ሁሉ ፊት «ምን ታለቅሳላችሁ? ወንድሜ አልሞተም። መኪናውን ሸጦ በራሔይታ በኩል ጅቡቲ ገብቷል፣ እዚያ ሴት አለችው» አለ። በሐይቁ ቁረጥ ያለው ማን እንደሆነ እንዳይጠየቅ ነው፣ ሌላ አይደለም። በሕይወት ላለ ሰው ደግሞ አይለቀስም፣ ፍትሐት አይደረግም፣ ተዝካር አይወጣም። ሰዉ አንድ በአንድ ተነሣ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ሴቶቹ ከኋላዬ ይሳሳቁ ጀመር።

ወራት ጠበቅሁ። ውሃው መጀመሪያ ቡናማ ነበር፣ ቅርንጫፍና የሞተ ፍየል ተንሳፍፎበት፣ ቀጥሎ ጠራ፣ ከዚያ ዳርዳሩ ቀላ፣ ከጥምቀት በኋላ ከዳር ወደ መሃል እየነጣ መጣ። ያኔ ሙላቱን በሽማግሌ አስገድጄ ይዤው ሄድኩ። መኪናው እዚያ ውስጥ መስጠሙ ከታወቀ ለባሌ ልቅሶ መቀመጥ፣ ፍትሐት ማስደረግ እችላለሁ፣ የፈለግሁት ይህን ብቻ ነበር።

ዓሊ የሚባል አፋር ፍየሎቹን እየጠበቀ ዳሩ ላይ አገኘንና «ላዩ ደርቋል፣ ከሥሩ ጭቃ ነው፣ ፍየሎቼ ከቆሙበት እንዳታልፉ» አለን። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፣ ዓይኔም ደህና ነበር። ጨዉን ሰንጥቆ የጥንድ ጎማ ፈለግ ወጥቷል፣ ከዳር ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ መሃል ይሄዳል፣ እዚያ ያልቃል።

«ይኸው ወንድምህ» አልኩት።

ከዚያ ድምፁ መጣ። መጀመሪያ ጨው ሲሰነጠቅ ጣ፣ ጣ የሚል ነበር፣ እሱን ዓሊ «ፀሐይ ነው» አለ። ቀጥሎ ግን ማርሽ ሲቀየር የሚሰማው ማጓራት፣ ከእግራችን ሥር፣ ታፍኖ መጣ፣ እመኑኝ፣ የዚያን መኪና ድምፅ ከስንቱ መሃል እለየዋለሁ።

«ሰማህ?»

«ምኑን?» አለ፣ ከንፈሩ ግን ደርቆ ነበር። ዓሊ ፍየሎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ዞር ስል በጎማው ፈለግ መካከል የሰው ዱካ አለ። ባዶ እግር። ስንመጣ አልነበረም። ከመሃል ተነሥቶ ወደ ዳር ይመጣል፣ ግራው ትንሿ ጣት የለችውም፣ የጌታነህን ጣት የመኪና ማንሻው ክሪክ የበላው ጊዜ ቁስሉን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ዱካው ሁሉ ውሃ ቋጥሯል። ጎንበስ ብዬ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፣ በዚያ ሁሉ ጨው መሃል ጨው የለውም፣ የዝናብ ውሃ ነው። የመጨረሻው ዱካ ጫማዬ ጋ ደርሶ ቆሟል። ከኔ ወዲያ ምንም የለም፣ ደረቅ መሬት ነው።

ሙላቱ ድንገት ሳቀ። «አየሽ እቴ! ወጥቷል! በእግሩ ወጥቷል፣ አላልኩሽም?» አለና ወደ ዓሊ ዞሮ «አንተ ተናገር፣ የወጣ ዱካ አይደለም?»

«የወጣ ዱካ ነው» አለ ዓሊ። «የወጣ ሰው ግን አላየሁም።»

ከተማ ስንገባ ሙላቱ ያወራው ከዓሊ ቃል የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ቄሱም «በእግሩ የወጣን ሰው እንዴት ብዬ ልፍታው፣ ልጄ?» አሉኝ። በተከታዩ ክረምት ጎርፉ ተመልሶ ወረደ፣ ፈለጉንም ዱካውንም ሸፈነው፣ ሲደርቅ ሜዳው ባዶ ነበር ይላሉ፣ እኔ አላየሁም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፣ ያ ዱካ ያለቀው እኔ ጋ ነው፣ ታዲያ ባለ ዱካው ከዚያ ወዴት ሄደ?

ቤቱን ዘግቼ ደሴ ወጣሁ። ጥቁር አልለበስኩም፣ ሌላ ባልም አላገባሁም።