ብሩክን የመራው ስክሪን

ብሩክን ከጉድጓዱ ሲያወጡት ጭንብሉ ፊቱ ላይ እንደተጣበቀ ነበር። መስታወቱ ከውጭ በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኗል፤ ከውስጥ ትንሽ ስክሪን ተገጥሞበታል። ካሜራ የታሰረበት ጠመንጃው ደግሞ ከአንገቱ በሽቦ ተንጠልጥሏል። የቀለም ኳስ የሚተፋ የጨዋታ ጠመንጃ ነው። ሰውዬው ግን እውነተኛ ሞት ነበር የሞተው።

2008 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ከቡታጅራ ወደ ቡኢ መውጫ ባሕር ዛፍ ውስጥ ያለው የብሩክ የጨዋታ ሜዳ። ኢንስፔክተር ዓለምዘውድ ከወልቂጤ ስትደርስ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። የጉድጓዱ ባለቤት፣ በርበሬ አምራቹ ከማሉ፣ ታስሯል። የሟቹ እጅጌ ቁራጭ እጁ ላይ ተገኝቷል።

«ገፍቶ ጣለው፤ ሸሚዙ እጁ ላይ ቀረ። ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ የጣቢያው ሳጅን።

«ሰው የሚገፋው በመዳፍ ነው። ሸሚዝ የሚቀደደው ሲጎትቱት ነው። እስረኛው ባለመኪና ቢሆን ይህን አታጣውም ነበር፤ ገበሬ ሆነና ማሰብ ከበደህ!»

ሳጅኑ ኮፍያውን አስተካክሎ የእስር ቤቱን በር ከፈተላት።

ከማሉ እስር ቤቱ ውስጥ መዳፉን እያየ ተቀምጧል።

«ጋሽ ከማሉ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«አዎ። ቀለማቸው ችግኜ ላይ ይረጫል፣ ተጣልተናል። ለዚያ ሰው ይገደላል? ውኃ ስቀዳ ልጁ እንደ ሰካራም እየተወላገደ መጣ። ‹ቁም!› አልኩት፤ ጆሮው ተሸፍኗል። ሮጬ ያዝኩት። ወላሂ፣ ይዤው ነበር።»

ይህን ካላረጋገጠች ከማሉ ዕድሜውን እስር ቤት እንደሚጨርስ ዓለምዘውድ ታውቃለች።

የብሩክ ሸሪክ ሙንታሲር ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ነበር። ብሩክ ‹ዓይኔ ተሸፍኖ፣ በካሜራዬ ብቻ ባንዲራውን አመጣለሁ› አላቸው። መንገዱን ሸምድዶታል እንዳይባል መጀመሪያ አሽከርክሩኝ አለ። ጉራ ይወዳል እኮ፣ አላህ ይማረውና።»

«ሲወላገድ ምነው ጭንብሉን አላወለቀ?»

«በእንግዶች ፊት? ቢሞት አያወልቅም!» አለና የተናገረው ሲገባው አፉን በእጁ ያዘ።

የሟቹ ሚስት ሩት ተቆጥታ ነው የተቀበለቻት።

«ጠዋት ጭንብሉን ከነጠመንጃው ቤት ውስጥ ለብሶት ዞረ፤ ደህና ይሠራ ነበር። እንግዶቹ ምሳ ሲበሉ ሜዳው ዳር ድንኳን ውስጥ ሰቀለው።»

«ድንኳኑ ውስጥ ማን ገባ?»

«እኔ፣ ሙንታሲር፣ ባልቻ። ሌላ ማን ይገባል? ለዚያ ገበሬ ለምን ይሟገታሉ? ባሌን ነው የገደለው!»

ባልቻ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ለጠመንጃዎቹ የመኪና የኋላ ማርሽ ካሜራ የገጠመው እሱ ነው። ዓለምዘውድ ካሜራው የቀረጸውን ፊልም ከእሱ ጋር አየች። የጉድጓዱ አፍ በቀኝ በኩል ይታያል፤ ምስሉ ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል፤ ከዚያ እጅ፣ ሰማይ፣ ጨለማ።

«ያው እንደሚያዩት ነው» አለ ባልቻ። «ጉድጓዱን አይቶታል። ከማሉ ካልገፋው እንዴት ይገባል?»

እሱ ከወጣ በኋላ ፊልሙን መልሳ አየችው። ከዛፎቹ በላይ የዘቢዳር ተራራ በቀኝ በኩል ቆሟል። ሜዳው ድረስ ሄዳ ብሩክ ከተነሣበት ቦታ ፊቷን ወደ ጉድጓዱ አዞረች። ተራራው በግራዋ ነበር። እየሮጠች ተመለሰችና የቀሩትን ጠመንጃዎች ካሜራ ሁሉ ፈታች።

በማግስቱ ሁሉንም ጣቢያው ግቢ ጠራቻቸው። ከማሉንም አስመጣች። መሐል ላይ ባዶ በርሜል አቁማ ቀይ ጨርቅ ይዛ ጫፍ ላይ ቆመች።

«የብሩክን ጭንብል ለብሳችሁ፣ ጠመንጃውን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ። በርሜሉን እንዳትነኩ። አንድ ሰው ሲሄድ ተራ ያልደረሰው ክፍል ውስጥ ይቆይ።»

ሙንታሲር ተሽከረከረ፣ ተወላገደ፣ በርሜሉን በጉልበቱ መታ። ሩትም ከበርሜሉ የሸሸች መስሏት ሄዳ ተላተመችበት። ጭንብሉን አውልቃ በርሜሉን አየች። «እንዲህ ነው የሄደው?» አለች ቀስ ብላ።

ባልቻ መጨረሻ ወጣ። አንዴ ቆም አለ፤ ከዚያ በርሜሉን በደንብ አልፎ ጨርቁን ከእጇ ተቀበለ።

«ጎበዝ» አለች ዓለምዘውድ። «አሁን ስሙኝ። የኋላ ማርሽ ካሜራ ለሾፌር የተሠራ ነው፤ እንደ መስታወት ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ ያሳያል። አንዲት አረንጓዴ ሽቦ ስትቆረጥ ምስሉ ይስተካከላል። የሌሎቹ ሽቦ ተቆርጧል። የብሩክ ግን ተቆርጦ፣ ተመልሶ ተቀጥሏል። ጠዋት ደህና ስለነበር የተቀጠለው ድንኳን ውስጥ ነው። ፊልሙ ዘቢዳርን በቀኝ የሚያሳየው ለዚህ ነው። ብሩክ ከጉድጓዱ የሸሸ መስሎት ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ሙንታሲርና ሩት ስክሪኑን አምነው ተላተሙ። አንተ፣ ባልቻ፣ በርሜሉን በቀኝ እያየህ ወደ ቀኝ ሄድክ። ስክሪኑ እንደሚዋሽ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲያ የሚሄደው።»

«ሥራዬ እኮ ነው! በአንድ እርምጃ ይገባኛል!»

«በአንድ እርምጃ ከገባህ ብሩክ ሜዳውን ሙሉ ሲወላገድ ምነው ዝም አልክ? ትናንት ፊልሙን አብረን ስናይስ? ከማሉ ገፋው ነው ያልከኝ! የምታውቀውን ውጠህ ንጹሕ ሰው ልታሳስር!»

ባልቻ ጭንብሉን መሬት ላይ ጣለው።

«የወንድሜን የደበሌን ዓይን ያጠፋው ይኸው ጭንብል ነው» አለ። «ብሩክ ስክሪኑን ለመግጠም ብሎ መስታወቱን በሳው፤ ወንድሜ ለብሶት ሲጫወት ኳሱ በቀዳዳው ገባ። ከዚያ ‹ራሱ አውልቆ ነው› ብሎ በአገሩ አስወራ። ወንድሜ ሞኝ ተባለ። እኔም እንግዶቹ ፊት ተደናብሮ ይሳቁበት ነው ያልኩት።»

«ጉድጓዱስ?»

«አየሁት» አለ ባልቻ። «ሲጠጋ አየሁት። እንግዶቹ ይስቁ ነበር። እኔም... ትንሽ ይሳቁ አልኩ።»

ሳጅኑ የከማሉን ካቴና ፈትቶ ለባልቻ አሰረው። ከማሉ አንጓውን እያሸ ወደ በሩ አመራ። ሩት መንገዱ ላይ ቆመችበት። ሌሊቱን ሙሉ የረገመችው ሰው ነው።

«ይዘውት ነበር?» አለችው።

«ይዤው ነበር፣ ልጄ» አለ ከማሉ። «ሸሚዙ ነው የከዳኝ።»