ከትራሱ ሥር የጠፋው ስኳር

አቶ ኢዶሳ፣ ካራ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ወገባቸው ተሰብሮ ከተኙበት አልጋ ላይ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዶ ነው አለ። ከራስጌያቸው ተጠርጎ የተበላ የገንፎ ሳሕንና ስኳር የሚያወርደው የኢንሱሊን መርፌ ነበር።

ኢንስፔክተር ሙሉጌጥ ስትገባ ውሻው በረንዳው ላይ በቅቤ የወዛ አፍንጫውን ይልሳል። ልጃቸው ገላና ደግሞ በነርስ ሶሬቲ ላይ ይጮኻል።

«አባቴን የገደለችው ይቺ ናት! መርፌ ራሳችሁ ውጉ እያለች ሰፈሩን ስታስተምር የከረመችው!»

ጎረቤታቸው ዳርቱም የስኳር ታማሚ ናት። የመርፌ ከረጢቷን ሶሬቲ እግር ሥር ወረወረችው። «እንኪ! ከእንግዲህ አልወጋም።»

ሶሬቲን ከገላና ክስ ይልቅ ይሄ አስደነገጣት። «ካቆምሽ ትሞቻለሽ እኮ፣ ዳርቱዬ!»

ሙሉጌጥን እርግጠኛ ሰው ሁሉ ያጠራጥራታልና ከጯሂው ጀመረች።

«ጠዋት ምን አደረግህ?»

«እሷ እንዳስተማረችን! ገንፎው ቀረበ፣ ወጋሁት፣ እያየሁት ጠርጎ በላ። ከዚያ ወጣሁ።»

ሚስቱ ዲንቄ ገንፎውን አቅርባ ወደ መገናኛ ሄዳ ነበር። «አባባ ጓሮውን ለጤና ኬላ እሰጣለሁ ካሉ ወዲህ ከገላና ጋር ተኳርፈዋል» አለች። «ሶሬቲ ስኳራቸው ወርዶ ላብ ሲያጠምቃቸው እንዲቅሙት ስኳር በቆርቆሮ ትራሳቸው ሥር አኑሩ ብላናለች። ስወጣ እዚያው ነበር።»

ሙሉጌጥ ትራሱን አነሣች። ባዶ ነው። ቆርቆሮው ቁም ሣጥኑ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

ጋሽ ዱቤ ለአቶ ኢዶሳ ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ ጸበል የሚያመጡ ሽማግሌ ናቸው።

«ዛሬም አመጡላቸው?»

«እንዴታ! ገላና ሲወጣ እኔ ስገባ በር ላይ ተላለፍን። ኢዶሳ አማትቦ ግጥም አደረጋት። አንቺ ግን ልጄ፣ ጸበል የቀመስሽ አትመስዪም።»

«ዛሬማ አልችልም ጋሼ፣ ቁርስ በልቻለሁ።»

ሽማግሌው ሳቁ። እሷ ግን በገዛ ቃሏ ደርቃ ቀረች።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ኢዶሳ እህል ቀምሰው ጸበል ይጠጣሉ?»

«አባባ? በሕይወታቸው አድርገውት አያውቁም!» አለች ዲንቄ።

«እንግዲያው ገላና ሲወጣ ገና እህል አልቀመሱም። ገንፎውን የበላው ውሻው ነው፤ አፍንጫው ይመሰክራል። አባትህን በባዶ ሆዳቸው ወጋሃቸው፣ ገላና።»

«ተ... ተሳስቼ ቢሆንስ?»

«ተሳስቶ የወጋ ሰው ስኳሩን ቁም ሣጥን ላይ አይሰቅልም። መነሣት የማይችሉ ሰው ትራሳቸውን እየዳበሱ ነው የሞቱት።»

ዲንቄ ከባሏ ሸሸች። «ለጓሮው ብለህ?»

ገላና አቀረቀረ። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ዳርቱ ከረጢቷን ከመሬት አንሥታ አቧራውን አራገፈች።

«ነገ ትመጫለሽ?» አለች፣ ሶሬቲን ቀና ብላ ሳታይ።

«እመጣለሁ። ጸበልሽን ጠጥተሽ፣ ምግብሽን አቅርበሽ ጠብቂኝ።»