ሳይደርስ የቀረው መልእክት

ፌቨን እንድሪያስ የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ላንቴ ውስጥ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ በማንጎና በሙዝ ተክል መሀል ይገኛል። እናቷ ከታናናሽ ወንድሞቿ ጋር ደጋ፣ ጨንቻ ትኖራለች፤ የእንሰቱን ጓሮ ጥላ መውረድ አልቻለችም። ፌቨን ከአባቷ ጋር ወደ ቆላ የወረደችው ባለፈው ዓመት ነው። አባቷ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ስለሚውል፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤት ውስጥ ማንም አይጠብቃትም። ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች። አንዳንድ ቀን ጸጥታው ሲከብዳት፣ የሰው ድምፅ ለመስማት ብላ መጽሐፏን ጮክ ብላ ታነባለች። ልጆች፣ ሰው በሌለበት ቤት ውላችሁ ታውቃላችሁ? ከሆነ የፌቨን ነገር ይገባችኋል።

የሰፈሩ ልጃገረዶች በየቀኑ በመስኖው ቦይ ዳር ገመድ ይዘላሉ። ፌቨን ቆማ ታያቸዋለች። የከለከላት የለም፤ የጠራትም የለም።

አንድ ወዳጅ ግን ነበራት። ከቦዩ ማዶ አባባ ሀብተሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸውም ሩቅ አገር ናቸው። ዐሥራ አንድ የንብ ቀፎ ነበራቸው። ንብ እንዳይነድፋት እንዴት ቀስ ብላ እንደምትራመድ ለፌቨን ያስተማሯት እርሳቸው ናቸው። አንዳንድ ቀን ብዙ ያወራሉ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ ንቦቹን እያዩ ይውላሉ። ፌቨን እዚያ ስትሆን ብቻዋን መሆኗን ትረሳዋለች።

በዚያ ዓመት የማንጎውን ቅጠል ነጭ ተባይ ወረረው። አባቷ እንድሪያስ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሊረጭ ተነሣ። ሉሊት የምትባለው የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ግን ዛፉን አይታ፣ ማንጎው አበባ ይዟልና አበባው እስኪረግፍ ጠብቅ ብላ መከረችው። መድኃኒቱ ተባዩን ብቻ ሳይሆን አበባ የምትቀስመውን ንብም ይገድላል። መጠበቅ ካልተቻለ፣ ንብ ላላቸው ሰዎች ከአንድ ቀን በፊት መንገር ግድ ነው አለችው። እነርሱም ንቦቹ ማታ ሲገቡ ቀፎውን ዘግተው ያሳድራሉ፤ በማግስቱም ንቦቹን ሳይለቁ ይውላሉ።

የመርጫው መሣሪያ የገበሬዎቹ ማኅበር ንብረት ነበር፤ ገበሬዎቹም በየተራ ይወስዱታል። የእንድሪያስ ተራ ለሐሙስ ጧት ሆነ። አበባው ገና አልረገፈም፤ ይህ ተራ ካለፈ ግን ብዙ ሊጠብቅ ነው። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፌቨንን ጠራት።

“ለጋሼ ሀብተሚካኤል ነገ ጧት መድኃኒት እንደምረጭ ንገሪያቸው። ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀፏቸውን ይዝጉ። መንገድ ላይ እንዳትቆሚ፣ እሺ?”

“እሺ፣ አባዬ።”

ፌቨን ቦዩ ጋ ስትደርስ ልጃገረዶቹ ገመድ ይዘው ቆመዋል። አንዷ፣ ሚሪያም፣ ዞር ብላ አየቻትና፣ “ፌቨን፣ አንድ ሰው ጎድሎናል። ነይ አዙሪልን” አለቻት።

ላንቴ ከመጣች ጀምሮ ሰው ለጨዋታ በስሟ ሲጠራት ይህ የመጀመሪያው ነበር። ትንሽ ብቻ ተጫውቼ እሄዳለሁ ብላ አሰበች። መጀመሪያ ገመዱን አዞረች፤ ቀጥሎ ዘለለች፤ ሳቀችም። ቀና ስትል ፀሐይ የለችም። ከቦዩ ማዶ ያለው የሙዝ ተክል ጨልሟል። ፈራችና ወደ ቤቷ ሮጠች።

አባቷ ነገርሻቸው ወይ ብሎ ጠየቃት።

“አዎ፣ ነገርኳቸው” አለች።

ልጆች፣ አያችሁ? አጭር ቃል ናት። ፌቨን ጧት ቀድሜ ተነሥቼ እነግራቸዋለሁ ብላ ራሷን አጽናናች። ጧት ግን የቀሰቀሳት የመርጫው ድምፅ ነበር። አሁንም ወጥታ፣ አባዬ፣ ቁም፣ አልነገርኳቸውም ማለት ትችል ነበር። ዐፈረች። ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ልቧ አላስቆም አላትና ቦዩን ተሻግራ ሄደች። ቀፎዎቹ ሥር ያለው መሬት በሞቱ ንቦች ጠቁሯል። ገና ያልሞቱት በጀርባቸው ተኝተው ይሽከረከራሉ። አባባ ሀብተሚካኤል በጉልበታቸው ተንበርክከው በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፌድ ላይ ያደርጓቸዋል። ከዚያ ተነሥተው በየቀፎው ላይ ጆሯቸውን አስጠጉ። ዘጠኙ ጸጥ ብለዋል። ድምፅ ያለው ከሁለቱ ብቻ ነበር። ፌቨን ዞራ ሄደች።

ማታውን ሽማግሌው እነፌቨን ቤት መጡ። ሳይቆጡ፣ ልጄ፣ ምነው ሳትነግረኝ ረጨህ ብለው እንድሪያስን ጠየቁት። እርሱም ልጄን ልኬ ነግሬዎታለሁ አለ። እርሳቸው ማንም አልመጣም አሉ። እንድሪያስ ደሙ ፈላ። ትልቅ ሰው ሆነው እንዴት ይዋሻሉ አላቸው።

አባባ ሀብተሚካኤል በሩ ላይ የቆመችውን ፌቨንን ተመለከቷት። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ በትራቸውን አንሥተው ወጡ።

ወሬው በሰፈሩ ተሰማ። ሽማግሌው ካሳ ፈልገው ነው የካዱት ተባለ። ፌቨንን ልጃገረዶቹ አሁን በየቀኑ ይጠሯታል። እግሯ ግን ለመዝለል አልነሣ አላት። ወደ ቦዩ ማዶም መሄድ አልቻለችም። ከበፊቱ ይልቅ ብቻዋን ሆነች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በየጥላው ተሰብስቦ ይጨዋወት ነበር። አባባ ሀብተሚካኤል ግን ከአጥሩ ሥር ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ሰዎች ከሩቅ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም ይሏቸውና ያልፋሉ። አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ፌቨን አየቻቸው። ልጆች፣ ፌቨን ብቸኝነትን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አሁን ያንን ለሌላ ሰው የሰጠችው እርሷ ራሷ ናት። አለቀሰች።

በማግስቱ የአገር ሽማግሌዎች ሁለቱን ሰዎች ሊያስታርቁ ዱቡሻ በሚባለው መሰብሰቢያ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ፌቨን ከአባቷ ኋላ ቆማለች። አባባ ሀብተሚካኤል ሲጠየቁ ማንም አልነገረኝም አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። እንድሪያስ ግን መልእክቱ መድረሱን በእግዚአብሔር ስም ሊምል ብድግ አለ።

ፌቨን የአባቷን እጅ ያዘች። “አባዬ፣ አትማል። እኔ አልሄድኩም።”

ሰዉ ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። እርሷም ገመዱን፣ ጨዋታውን፣ ውሸቷን አንድ በአንድ ተናገረች። እንድሪያስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ቆይቶ የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭቶ ያዘና ሽማግሌው እግር ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ለመነ። ባለሙያዋ ጠብቅ ስትለኝ አለመስማቴ የእኔ ጥፋት ነው አለ። ፌቨንም አጠገቡ ተንበረከከች።

“ያን ዕለት የዋሸሁት እኔ መሆኔን አውቀው ነበር?” አለቻቸው።

“ዐይንሽን ሳየው ዐወቅሁ።”

“ታዲያ ለምን አልተናገሩም?”

“በሰው ከምትጋለጪ አንቺው ራስሽ እንድትናገሪ ብዬ ነው” አሉ አባባ ሀብተሚካኤል። ቀጥለውም፣ “ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ። የሞቱት ንቦች ግን አይመለሱም” አሏት።

እውነታቸውን ነው፤ አልተመለሱም። በዚያ ዓመት የእንድሪያስ ማንጎ የያዘው ፍሬ ጥቂት ነበር፤ አበባውን የሚጎበኝ ንብ ጠፍቶ ነበርና። ከዚያ ወዲህ እንድሪያስ ባለሙያዋን ሳይጠይቅ አይረጭም፤ አበባ ላይማ ጨርሶ አይረጭም። የሚረጭበትን ቀንም ራሱ ቦዩን ተሻግሮ ይናገራል።

ፌቨን ከዕርቁ በኋላ እርሳቸው ዘንድ ለመሄድ ሦስት ቀን ፈጀባት። ስትደርስ አባባ ሀብተሚካኤል ከሁለቱ ቀፎዎች አጠገብ ነበሩ፤ ዞር ብለው አላዩአትም። ተመልሼ ልሂድ ይሆን እያለች ቆመች።

በመጨረሻ፣ “ፌቨን፣ ፀሐዩ ከሯል። ለንቦቹ ውሃ ቅጂላቸው” አሏት።

ጣሳውን አንሥታ፣ ቀስ ብላ እየተራመደች ወደ ቦዩ ወረደች።

ልጆች፣ የተላካችሁበትን መልእክት አድርሱ፤ ሳታደርሱ ከቀራችሁም፣ በእናንተ ውሸት ሌላ ሰው ሳይጎዳ ፈጥናችሁ እውነቱን ተናገሩ።